ቅቤ የጠጣው ደጋን

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ፈርሂያን መስኮቱ ሥር ትተናት ነው። ዛሬም እዚያው ናት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጇ ላይ ያለው እንሶስላ ገና አልደረቀም። ከመስኮቱ ማዶ ጥልቁ ሸጥ አለ፣ ከሸጡ ማዶ ደግሞ የአናጢው የቢተው ቤት። የቢተው ቆርቆሮ የመካነ ሰላም ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ በራፉ ላይ ማን እንዳለ አያስለይም፤ እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ስለ ዕንባዋ የሚጠይቅ ከመጣ በፀሐዩ ታሳብባለች።

«ገና ነው?» አለቻት የአጎቷ ልጅ ሀዲያ፣ ከኋላዋ ቆማ ሻሿን እያስተካከለችላት።

«ገና ነው።»

«እንግዶቹ እኮ ዳሱ ውስጥ ገብተዋል።»

«ይግቡ። እኔ የማዳምጠው እነሱን አይደለም።»

እንግዶቹ ጅዳ የሚኖር የአንድ ሰው ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው ፎቶዋን በስልክ አይቶ ወደዳት፤ አጎቱን ወኪል አድርጎ ኒካሑ ዛሬ እንዲታሰር ላከ። ክፉ ሰው ነው የሚል አልተገኘም። መከራውም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት በቀለለ።

አባቷ ጋሽ ሙሐመድአሚን በጨርቅ ንግድ የታወቁ፣ ቶሎ የማይናገሩ፣ ከተናገሩም የማይመለሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ክርስቲያን አናጢ መውደዷን ሲሰሙ አልጮሁም። የገዛ አያታቸው ማተቧን እንዳሰረች የገባች ሙሽራ ነበረች፤ በኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ያስጨንቃል እንጂ አያስገርምም። የጅዳው መልእክት የደረሰ ዕለት ከመስጊድ ሲመለሱ ጠርተው አስቀመጧትና እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ የዲኑን ነገር እሱና አላህ ይነጋገሩበታል። እኔን የጨነቀኝ በር ነው። እናቱ እመት አልታዬ ደጃቸውን ዘግተውብሻል። በር ወደሚዘጋባት ቤት ልጄን አልሰድም። እመት አልታዬ በአፋቸው ‹ልጄ ናት› ካሉ፣ የጅዳውን ሽማግሌ ‹አፉ በሉኝ› ብዬ እመልሳለሁ፣ ወላሂ። ይኸን የማደርገው ግን አንቺ ‹ወክያለሁ› እስክትይ ድረስ ነው። ካልሽ በኋላ ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጢሜ አለበት።»

ኒካሕ ሲታሰር ሁለት ምስክሮች ወደ ልጅቱ ይገቡና አባቷን ትወክል እንደሆነ ይጠይቋታል። «ወክያለሁ» ካለች በቃ፣ ሚስት ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ የፈርሂያ ዕድሜ በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ቃሏን ደግሞ የሚወስንላት ከሸጡ ማዶ የሚመጣ ድምፅ ነው።

*

እማማ አልታዬ ደጃቸውን የዘጉት በሃይማኖት አልነበረም። ነገሩ ሐረግ ናት።

ሐረግ የቢተው ታላቅ እኅት፣ የፈርሂያም የልብ ጓደኛ ነበረች። ሁለቱ አብረው ወደ ኩዌት ሲሄዱ ደላላው ሐረግን «ከእንግዲህ ስምሽ ዘሊካ ነው» አላት፤ ማተቧንም ፍቺው አላት። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ሐረግ ማተቧን አውልቃ ፈርሂያ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠች። «እኔ ዘንድ ካገኙት ይጥሉታል። አንቺ ያዥልኝ» አለቻት። ከዚያ ለየብቻቸው በቤት ሠራተኝነት ገቡ። የሐረግ ስልክ መጀመሪያ አንዳንዴ ይጠራ ነበር፣ በኋላ ጭራሽ ዝም አለ። ፈርሂያ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያላለቀሰችበት በር የለም። አላገኘቻትም። ብቻዋን ተመለሰች።

እማማ አልታዬ ያን ቀን በራፋቸው ላይ ቆመው የተናገሩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። «ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ አንድ ሆነሽ መጣሽ። ሂጂልኝ ከደጄ!»

ፈርሂያ ሄደች። የሄደችው ግን ወደ ቤቷ አልነበረም፤ በጓሮ ዞራ ቢተው ወደሚሠራበት ክፍል ገባች። ቢተው በር፣ አልጋና ሳጥን እየሠራ ይኖራል፤ እጁ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ማሲንቆና ክራር ይጠርባል። ማተቡን ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው።

«ለናትህ እንዳታሳያቸው» አለችው።

«ለምን? ቢያዩት እኮ ይራሩልሻል።»

«የናትን ዕንባ ጉቦ አድርጌ አልገባም። በሩን በራሳቸው እጅ የከፈቱልኝ ቀን እኔው እሰጣቸዋለሁ።»

ቢተው ቀና ብሎ አያት። ሲያያት የያዘው መጥረቢያ ከእጁ ወረደ። ፍቅር ሲይዝ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያ ያስጥላል፣ ቀጥሎ ሰውየውን።

ከዚያ በኋላ ሳጥን ላሠራ፣ መደርደሪያ ላስለካ እያለች ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ክራር ሲቃኝ ደረሰችና «ሰው አገር ሆኜ ክራር ስሰማ ማሲንቆ ይናፍቀኛል፤ ማሲንቆ ስሰማ ደግሞ ክራር። ሁለቱን የሚያደርግ አንድ ዕቃ ምናለበት?» አለችው። ለቀልድ ነበር። ሰውየው ግን ቀልድ አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ በር ያዘዙትን ሰዎች ሲያስለቅስ ከርሞ በመስከረም አንድ ጉድ አወጣ። ከዋንዛ የተጠረበ ሆድ፣ ፊቱ ላይ የፍየል ቆዳ። መሃሉ ላይ የማሲንቆው የፈረስ ጭራ ከፍ ብሎ ተወጥሯል፤ በግራና በቀኙ የክራሩ ጅማቶች ዝቅ ብለው ተኝተዋል። ደጋን ሲሳብበት እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል፤ በጣት ሲደረደር እንደ ክራር ያወራል። ስሙን «መንታ» አሉት። አንገቱ ላይ፣ ከተጠመጠመው ቆዳ ሥር፣ ቢተው የእኅቱን ማተብ ሸሸገበት።

የጅዳው ሰው መልእክት በመጣ ሰሞን፣ ፈርሂያ ስልኳን ታላቅ ወንድሟ ከወሰደባት በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በቢተው የሥራ ክፍል ውስጥ ተገናኙ፤ የአባቷንም ቃል ነገረችው።

«እናቴን አስፈቅዳለሁ» አላት። «እስከ ኒካሑ ቀን ድረስ ብለምናትም አስፈቅዳለሁ።»

«ካልፈቀዱስ?»

«መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እንዳትመጣ!» አለች ፈርሂያ። «አንተ ፊቴ ቆመህ ‹እናቴ አልወደደችሽም› ስትል ልሰማህ አልችልም። ሰውም ልከህ እንዳትነግረኝ። መንታው ይንገረኝ። እሺ ካሉህ ደጋኑን ሳበው። እምቢ ካሉህ ጅማቱን ደርድረው። እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። ከሁለት አንዱን ሳልሰማ አፌን አልከፍትም።»

«ፈርሂያ...»

«ማልልኝ።»

«በሐረግ» አለ ቢተው።

ሁለቱም ምልክቱን ለማንም እንዳይናገሩ ተማማሉ። ይህን መሐላ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

*

እንግዲህ የዛሬዋ ጠዋት ይህች ናት። ቢተው እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ነበር።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ ነው የሚመጡት። አንድ ቃል ነው የምለምንሽ።»

«ተወኝ ብዬሃለሁ።»

«ካንቺ ሌላ የሚያድነኝ የለም።»

«እኔንስ ማን አዳነኝ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው ግን፣ «ሂድና ወዲያ ዞር ዞር በል። ስትመለስ እነግርሃለሁ» አሉት።

ይህ እምቢ አልነበረም፣ እሺም አልነበረም። ቢተው ግን የሰጠመ ሰው ነውና ሣሩንም ጨበጠው። የደጋኑ ጭራ አርጅቶ ተበጣጥሶ ስለነበር ከከላላ ከመጣ ባለፈረስ ያገኘውን አዲስ ጭራ ትናንት ወጥሮበታል። አዲስ ጭራ ደግሞ ዕጣን ካልታሸበት እሳት እንዳልነካው ሽሮ ነው፤ ድምፅ የለውም። ዕጣን ሊገዛ ወደ ገበያ በረረ።

እማማ አልታዬ ብቻቸውን ሲቀሩ ወደ ሥራ ክፍሉ ገቡ። እውነቱን ልናገርና፣ የገቡት መንታውን ሊራገሙት ነበር። «አንተ እንጨት! ልጄን የወሰድክብኝ አንተ ነህ!» ብለው አንገቱን ጨብጠው ነቀነቁት። የተጠመጠመው ቆዳ ላላ። ከሥሩ ጥቁር ክር ብቅ አለ።

ያን ክር ያውቁታል። በእጃቸው ነው የፈተሉት። ቋጠሮውንም ያውቁታል፤ ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ ክሩ እንዳይላላ ደግመው የቋጠሩት እሳቸው ናቸው። በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ የመጋዙ ዱቄት ላይ ዘፍ አሉ።

ማን እንዳመጣው የሚነግራቸው አላስፈለገም። ከዚያ አገር የመጣች አንዲት ሰው ናት። የሙስሊም ልጅ፣ በባዕድ ቤት፣ ቢያገኙባት ምን እንደሚሏት እያወቀች፣ የእሳቸውን ልጅ ማተብ ደብቃ አኑራ አምጥታለች። በራቸው ላይ ሲያዋርዷት እንኳ አውጥታ «ይኸው» አላለቻቸውም።

«ያረቢ!» አሉ እማማ አልታዬ። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ግን የወሎ ሰው ናቸው። «አንድ ሆነሽ መጣሽ አልኳት። ሁለት ሆና መምጣቷን መች አየሁ?»

ተነሱ። ለገበያ ያኖሩትን ለጋ ቅቤ ከነቅሉ አመጡ። የልጃቸውን ሙሽራ ራስ የሚቀቡበት ቀን እንደሆነ ልባቸው ነገራቸው፤ ሙሽራዋ ግን እዚያ የለችም፤ ያለው መንታው ነው። ስለዚህ እሱን ቀቡት። ሆዱን ቀቡ፣ አንገቱን ቀቡ። የፈረስ ጭራውን ሲነኩት ደረቅ ሆነባቸው። «ፀጉርሽ እንዴት ደርቋል፣ የኔ ሸጋ» እያሉ መሃሉ ላይ የተወጠረውንም፣ ደጋኑ ላይ ያለውንም ከላይ እስከ ታች አጠጡት። ደረቅ ፀጉር ያየች የወሎ እናት ከዚህ ሌላ ምን ታደርጋለች? «ውለዱ፣ ክበዱ። በሬ ክፍት ነው» እያሉ አሹት። ከዚያ የበለጠ ምርቃት ሰው ተመርቆ አያውቅም።

*

ቢተው ዕጣኑን በጨርቅ ቋጥሮ ሲገባ እናቱን መንታውን ታቅፈው አገኛቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ያበራል። ማተቡ አንገታቸው ላይ ነው።

«እማዬ...»

«ሂድ!» አሉት። «ሽማግሌ ላክ። ልጄ ናት በላቸው። በሩ ክፍት ነው በላት፣ ከዛሬ ጀምሮ አይዘጋም በላት።»

ቢተው እጃቸውን ሳመ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ደግሞ እጃቸውን ሳመ። ከንፈሩ ላይ ቅቤ ቀረ። መንታውን ነጥቆ በራፉ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ፣ ደጋኑን አነሳና ሳበ።

ምንም።

ደጋኑ ጭራው ላይ ተንሸራቶ አለፈ። ደግሞ ሳበ፤ ያው ነው። ያን ጊዜ አፍንጫው ነገረው። ጣቱን ጭራው ላይ አሳለፈና ቀና አድርጎ አየው። ቅቤ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽው?»

«ቀባሁት እንጂ! ሙሽራ ሳይቀቡ ይሰዳሉ እንዴ?»

ቢተው በሸሚዙ ጠረገው፣ ዕጣኑን አሸበት፤ ዕጣኑ ከቅቤው ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆነ። ሳሙና አምጥቶ አጠበው፤ የረጠበ ጭራ ከተቀባው አይሻልም። ፀሐይ ላይ ዘረጋው፣ አራገበው፣ እንደገና ሳበ። የታመመ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ከአጥሩ አያልፍም። ጅማቶቹን ግን አልነካም። ጣቱ በስሕተት እንኳ እንዳይነካቸው መንታውን እንደ እሳት ነበር የያዘው።

ከሸጡ ማዶ፣ ከዳሱ በኩል፣ የሰው ሁካታ ድንገት ረገበ። ሰው ዝም የሚለው ኒካሑ ሊጀመር ሲል ነው።

«መስማት አለባት!» ብሎ ጮኸ ቢተው። «ካልሰማች አለቀልኝ፣ እማዬ! መስማት አለባት!» መንታውን ከበሩ ሥር ጥሎ ወደ ሸጡ ሮጠ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ቢተው ለመልቀም እንኳ አልታደለም። ምነው ተሸክሞት በሮጠ! ምነው ደጋኑን ሳይሞክር ቀድሞ በሮጠ!

*

እማማ አልታዬ ልጃቸው ቁልቁል ሲወርድ አዩና ግራ ገባቸው። ከጩኸቱ የገባቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ መስማት አለባት። ምኑን? መንታውን ነዋ። አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ደጋኑ እንደማይሠራ አይተዋል። ልጃቸው በጣቱ ሲመታው ግን ብዙ ቀን አይተዋል።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ ወደ ማዶው። «እኔ አሰማሻለሁ።»

አንዷን ጅማት በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ለቀቁ። ቀጥሎ ሁለተኛዋን። መምታት አያውቁም፤ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ባላቸው ኃይል ነው የደረደሩት። ቢተው ደግሞ በትዝታ ቅኝት አሳምሮ ቃኝቶት ነበርና፣ ያላዋቂ እጅ እንኳ ቢነካው ትዝታ ነው የሚወጣው።

ድምፁ ሸጡን ተሻግሮ በመስኮቱ ገባ።

ሀዲያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ፈርሂያ አልተንቀሳቀሰችም።

«እንዲህ ቀስ ብሎ መትቶ አያውቅም» አለች ሀዲያ በሹክሹክታ። «ምን ነካው?»

«እያለቀሰ ነው» አለች ፈርሂያ። «እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። አይሰማሽም?»

ምስክሮቹ ክፍሏን ከዳሱ ከሚለየው መጋረጃ ውጭ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ቀድመው አንዴ ጠይቀዋት ዝም ብላቸው ነበር፤ የዓይናፋር ወግ መስሏቸው ታግሠዋታል። አሁን ታላቅየው ደገመላት። «ፈርሂያ ሙሐመድአሚን፣ አባትሽን ለዚህ ኒካሕ ወክለሻል ወይ?»

ከማዶ አሁንም ይደረደራል። አንዲት ጅማት፣ ቀጥሎ ሌላዋ። እንደዚያ የሚለምን ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ የሚለምነውም እንድትተወው መሰላት። ለመጨረሻ ጊዜ ደጋን ትሰማ እንደሆነ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ደጋን የለም።

«ወክያለሁ» አለች።

ድምፁም ወዲያው ቆመ። እማማ አልታዬ ጣታቸውን ስላመማቸው ነበር።

*

ቢተው ሸጡን በእጁም በእግሩም ወጣው። ሲወርድ ድምፁን ሰምቶታል። እናቱ መሆናቸውን ለማወቅ አንድ ጅማት በቅቶታል፤ ወደኋላ ቢመለስ አይደርስም፣ ወደፊትም ቢሄድ ያስቆመው እንደሆነ አያውቅም። ብቻ ሮጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነበት። ግቢው ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ደምቷል፣ ልብሱ ጭቃ ነው፣ እጁ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ጋሽ ሙሐመድአሚን ከዳሱ አፍ ላይ ቆመው አዩት። ፈጥነው መጡና ክንዱን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱት።

«እሺ አለች» አላቸው። «እናቴ... ልጄ ናት አለች።»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁን? አሁን፣ ልጄ?»

«አንቱ ቃል ሰጥተዋል እኮ!»

«ሰጥቻለሁ። እሷም ሰጠች። እጄን ከወኪሉ እጅ ያወጣሁት አሁን ነው፤ ኒካሑ ታስሯል።» ከዚያ እኚያ ለማንም የማይለማመጡት ሰው ክንዱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንድ ነገር ልለምንህ። ለአላህ ብለህ እንዳትነግራት። እምቢ መስሏት ነው የሄደችው፤ እምቢውን ትችለዋለች። እሺ መባሏን ካወቀች ግን ትሞትብኛለች። የሰው ሚስት ናት አሁን።»

ይህን ጊዜ ኒካሑን ያሰሩት ሼህ ከዳሱ ውስጥ ቢተውን ጠሩት። «ና እንጂ ጎረቤት! ዱዓ ላይ ነው የደረስከው፤ ምን ያቆምሃል? ና ቁጭ በል!»

በኛ አገር ዱዓ ላይ የደረሰ ጎረቤት አይመለስም፣ ሃይማኖቱም አይጠየቅም። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት። ተቀመጠ። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ዘረጋ፤ ቢተውም የሚያበራ መዳፉን ዘረጋ።

«አላህ ትዳራቸውን የሰመረ ያድርገው!»

«አሚን!» አለ ዳሱ።

«ሄዳ በሰላም የምትገባበት ያድርገው!»

«አሚን!»

«የሄደችበት አገር አያስቀራት!»

ዳሱ አሚን ሲል ቢተው ዘግይቶ ነበርና የሱ አሚን ብቻውን ወጣ። ተሰንጥቆ ወጣ። ከመጋረጃው ኋላ ፈርሂያ ድምፁን ለየችው። መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችው። እሱም ቀና አለ።

ዓይናቸው ተገናኘ። የሷ ዓይን «ልትመርቀኝ መጣህ?» አለው። የሱ ዓይን ብዙ ነገር አለ፤ ስለ በር፣ ስለ ማተብ፣ ስለ ቅቤ። ግን ዓይን ብቻውን ይህን ሁሉ መናገር አይችልም። ጋሽ ሙሐመድአሚን ከጎኑ ቆመው በዓይናቸው ይለምኑታል። አፉን ቢከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። ዘጋው። ለሷ ያደረገላት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ እሷ ግን ሲተዋት እንጂ ሲያድናት አላየችም።

መጋረጃው ወደቀ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት።

*

ወደ ቤቱ እንዴት እንደተመለሰ አያውቅም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማማ አልታዬ መንታውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የቆሰለ አውራ ጣታቸውን እየላሱ፣ እንደ ልጅ ሲስቁ አገኛቸው።

«ሰማች?» አሉት።

ቢተው የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። እኚህ ሴት ሐረግ ከጠፋች ወዲህ ሲስቁ ጥርሳቸውን አላየም ነበር።

«ሰማች፣ እማዬ።»

«እኔ ነኝ የመታሁላት! ደጋኑ እምቢ ቢልህ ትተኸው ሄድክ እንጂ፣ እኔ መላ አላጣሁም። ከመጀመሪያው ሰማች?»

«ከመጀመሪያዋ ጅማት ጀምሮ ሰማች።»

«ተመስገን!» መንታውን አስቀምጠው ተነሱ፤ ጭቃውን ከትከሻው አራገፉለት፤ ዓይኑ ሲፈስ አይተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። «አልቅስ፣ የኔ ልጅ። የደስታ ዕንባ አያስነውርም። ይኸን ማተብ ስትመጣ ራሷ እንድታስርልኝ አደርጋለሁ። ሐረግም ሰምታ ትመጣ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?» ድንገት ጆሯቸውን ወደ ማዶ አዘነበሉ። እልልታው ሸጡን ተሻግሮ ይመጣል። «ስማ እስቲ! የጅዳዎቹን መለሷቸው ማለት ነው። ደስ ብሏቸው ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ» አለ ቢተው። «ደስ ብሏቸው ነው።»

«ታዲያ ዝም እንላለን እንዴ? መመለስ አለብን እንጂ!»

ወደ በራፉ ወጡ። ቢተው ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባው። እልልታቸው ማዶ ሲደርስ ፈርሂያ ምን ብላ እንደምትሰማው አየው፤ በሩን የዘጉባት ሴት መሄዷን ሰምተው እልል አሉ ትላለች፣ ይህንንም ይዛ ትሄዳለች። እጁን ዘርግቶ እናቱን ሊያስቆም አንድ እርምጃ ተራመደ። እማማ አልታዬ ፊታቸውን ወደ ሸጡ አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀና ብለው ቆመው ነበር። ፊታቸውን ሲያይ እጁ ወደቀ።

እልል አሉ። ድምፃቸው ሐረግ ከሄደች ወዲህ ተዘግቶ ስለነበር መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ጠራ፣ ከዚያ ሸጡን ሞልቶ ተሻገረ።